ወደ እንፋሎቱ የወሰድኩት ሰው

ዓመቱን በትክክል ንገረን ብትሉኝ አልችልም። መሬት ለአራሹ ከታወጀ በኋላ ነው። ሁላችንንም የበተነው ያ ትልቁ ድርቅ ከመምጣቱ በፊት ነው። በመካከል ካሉት ዓመቶች የትኛው እንደሆነ ግን አላህ ይወቀው። የማስታውሰው ማሽላው ታጭዶና ተወቅቶ ጉድጓድ ከገባ በኋላ መሆኑን ነው፤ ጠዋት ጠዋት ብርድ ነበር። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩትም በዚያው ሰሞን ነው። ስሜን መጻፍ ችዬ ነበር፤ ቁጥርም እስከ ሺህ አውቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ተምሬ አላውቅም። ይህንንም የምጽፈው በዚያችው ፊደል ነውና ስሕተት ብታገኙ እለፉኝ።

እንድጽፍ ያነሣሡኝ ባለፈው ዓመት ወደ ቀበሌያችን የመጡ ልጆች ናቸው። የተማሩ፣ ትሑት ልጆች ናቸው። መንግሥት ከውኃም፣ ከነፋስም፣ ከፀሐይም መብራት እያበዛ ነው፤ አሁን ደግሞ ከምድር በሚወጣ እንፋሎት ሊጨምር ነው፤ ነዳጅ አይቃጠልበትም፣ አያልቅም አሉን። ከዚያ ከዞብል ተራራ ማዶ ወደ አፋር በሚወርደው ቆላ መሬቱ የሚተነፍስበትን ቦታ የምታውቁ ሽማግሌዎች አላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አውቃለሁ አልኩ። መንገዱን ማስረዳት ጀመርኩና መሐል ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ። ልጆቹ ደክሞኝ መሰላቸው፣ ውኃ አመጡልኝ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ በአፌ ያልወጣልኝን በብዕር ልሞክረው አልኩ።

በዚያን ዘመን የቆቦ ሜዳ እንደ ዛሬው የውኃ ሞተር የሚንደቀደቅበት አልነበረም። የምንኖረው በጎርፍ ነው። ዝናቡ ተራራው ላይ ይጥላል፤ እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ደረቁ ወንዝ እያጓራ ይመጣል። ያኔ ነገሩ የቀደመ ነው። ሮጦ ደርሶ፣ አፈርና እሾህ ከምሮ ጎርፉን ወደ ማሳው የጠለፈ ዓመቱን በላ። የዘገየ ሰው ውኃው አልፎት ወደ አፋር ሲወርድ ቆሞ ያያል። ስለዚህ በእኛ አገር የገበሬ ሀብቱ በሬው ብቻ አይደለም፤ እግሩም ነው።

የሚስቴ ወንድም እግር የታወቀ ነበር። ጎርፉ ገና ከሩቅ ሲያጉረመርም ከሁሉም ቀድሞ ወንዙ ዳር የሚገኘው እሱ ነው። እስከ ወገቡ ገብቶ ሲቆም የተተከለ ግንድ ይመስላል። ሌላው በሁለት ሰው የማይጠልፈውን ብቻውን ይጠልፋል። አባቱ ሞቶ ነበር፤ አማቴ ያሏቸው ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው፤ የሁለቱም እንጀራ በዚያ እግር ላይ ነበር።

አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ስብሰባ ጠራን። አጠገቡ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ተቀምጧል።

“ጓዶች!” አለ ሊቀመንበሩ። “ከአዲስ አበባ መሐንዲስ መጥቶልናል። ከምድር በታች ያለውን እንፋሎት አውጥተን መብራት እናበራበታለን። ለነዳጅ ብለን ለባዕድ እጃችንን አንዘረጋም!”

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። “ልጄ፣ ከምድር በታች ያለው እሳት ጀሃነም ነው ብለው ነው ሸሆቹ ያስተማሩን። መብራቱን ከጀሃነም ነው የምታመጡልን?”

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ግን የሚሸነፍ አይደለም። “አባባ፣ በአብዮቱ ዘመን ጀሃነምም ሥራ አይፈታም!” አለ። መሐንዲሱም መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ ሳቀ። ያን ጊዜ ወደድኩት።

ከአባቴ ጋር ማሽላ ጭኜ እየወረድኩ ከአፋር ጨውና ቅቤ የምለውጥ ሰው ስለነበርኩ፣ ቋንቋቸውንም ስለማውቅ፣ መሪ ሆኜ እንድሄድ ተመረጥኩ። ዕቃውን ለመጫን ሁለት ግመል ያስፈልግ ነበር። አንዷ የእኔ ናት። ሁለተኛዋ የሚስቴ ወንድም ግመል ነበረች። እንግዲህ እሱን የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም።

አማቴ ጓሮ ቆመው ዘንጋዳ ሲያሰጡ አገኘኋቸው። ፊታቸውን ቀና ብዬ አላይም ነበር፤ ወጉ አይፈቅድም። መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳቸው።

“ስንት ቀን ነው?” አሉ።

“ቢበዛ ዐሥር ነው፣ እማ።”

“የጎርፉ ጠለፋ ፈርሶ የለም ወይ? ማን ይጠግነዋል?”

“ስንመለስ ሁለታችን እንጠግነዋለን።”

ዘንጋዳውን በእጃቸው እየበተኑ፣ “አደራ አልልህም። አደራ የሚባለው ለባዳ ነው” አሉኝ።

ልጃቸው ከአጥር ውጭ ሆኖ ጣልቃ ገባ። “እማ፣ የምታስረክቢው እኔን ነው ግመሏን?”

“ግመሏንማ ምን አስረከብኳት፣ እሷ ልብ አላት” አሉት። እኔም አንገቴን እንደደፋሁ ሳቅኩ።

የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር መንገዱ እስካለቀበት ድረስ ወረደ። ሾፌሩ እዚያው ከመኪናው ጋር ቀረ። እኛ ሦስታችን በእግር፣ ዕቃው በግመል ሆኖ ቀጠልን። መሐንዲሱ ዝምተኛ ነው፤ ሰው አይሳደብም፣ ያለንን አብሮን ይበላል። አንድ ዓመል ብቻ ነበረበት፤ በየጊዜው የእጅ ሰዓቱን ያያል። ሙቀቱ ሳይበረታ መለካት አለብኝ፣ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ልኬቱ ይበላሽብኛል ይል ነበር።

አንድ ቀን ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

“ድስት ሲፈላ ክዳኑ ሲንቀጠቀጥ አይተሃል?” አለኝ። “ያንን ክዳን የሚያነሣው እንፋሎት ነው። እዚህ ድስቱ ምድር ናት። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን፣ እንፋሎቱን በቱቦ አውጥተን መዘውር እናዞርበታለን። መዘውሩ ሲዞር መብራት ይሰጣል። ዝናብ ቢቀርም አይቀርም፤ ነዳጅ ቢወደድም አይወደድም። አገራችን ገና ብዙ መብራት ያስፈልጋታል።”

የሚስቴ ወንድም ጋደም ብሎ ያዳምጥ ነበር። “ድስቱ ውስጥ የሚቀቀለው ምንድን ነው?” አለ።

“ድንጋይ።”

“እንግዲያ እስኪበስል በረሃብ አለቅን በለኛ!”

መሐንዲሱ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ በኋላ በየማታው ድንጋዩ በሰለ ወይ እያለ ራሱ ይጠይቀው ጀመር።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያየናቸው ቦታዎች ትንንሽ ናቸው። መሐንዲሱ የሙቀት መለኪያውን ፍልውኃው ውስጥ ይከትና ቁጥሩን ይጠራል፤ እኔ በደብተር እጽፋለሁ። ያኔ የተሰማኝን ኩራት ምን ብዬ ልንገራችሁ። ከዓመት በፊት እርሳስ ጨብጬ የማላውቅ ሰው፣ እነሆ የመንግሥት ደብተር ይዤ የምድርን ትኩሳት እጽፋለሁ። ልቤ ትንሽ ሳያብጥ አልቀረም። ያንን ነገር አሁን ሳስበው የጥፋቴ መጀመሪያ እሱ ይመስለኛል።

አፋሮቹ እንፋሎቱን እንዴት እንደሚጠቀሙበትም አሳየሁት። በዚያ በረሃ ወንዝ የለም። እንፋሎቱ ከመሬት በሚወጣበት ስንጥቅ ላይ ድንጋይ እንደ ትንሽ ጎጆ ይከምሩበታል። እንፋሎቱ ድንጋዩን ሲነካ ይቀዘቅዝና ጠብ ጠብ ይላል። ከሥር በጭቃ በለሰኑት ገበታ በመሰለ ጉድጓድ ይጠራቀማል። ሰውም ፍየልም ከዚያ ይጠጣል። መሐንዲሱ ተንበርክኮ ጠብታውን በመዳፉ ተቀበለና ቀመሰው። ቆቡን አወለቀ።

“እኛ ዛሬ ልንጀምረው የመጣነውን እነዚህ ሰዎች ስንት ዘመን ሠርተውበታል” አለ። “ስንቆፍር ይህን ውኃቸውን እንዳናደርቅባቸው። ጻፈው።” ጻፍኩት።

በማግሥቱ ነው እንግዲህ ነገሩ የሆነው። ትልቁ እንፋሎት ወዳለበት ቦታ በማለዳ ተነሣን። በልጅነቴ ከአባቴ ጋር ሁለት ጊዜ አልፌበታለሁ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ። ፀሐይዋ ገና ስትወጣ ፍየል የሚነዱ አንድ ሽማግሌ አፋር ከፊታችን መጡ። ሲያዩን ቆሙ፤ ዱላቸውን ከጎናቸው አጋድመው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ዳጉ ይባላል። በአፋር አገር ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላም ብሎ አይተላለፍም። ይቀመጣል። አንዱ ከወጣበት ጀምሮ ያየውን፣ የሰማውን ሁሉ ይናገራል፤ ሌላው ሳያቋርጥ ይሰማል። ከዚያ ተራው ይለወጣል። የት ሣር አለ፣ የት ውኃ ደረቀ፣ የት ጠብ ተነሣ፣ ሁሉ በዚህ ነው የሚታወቀው። በረሃ ላይ ወሬ ማለት ስንቅ ማለት ነው። አባቴ፣ “ከአፋር ጋር ስትገናኝ ቢቸኩልህም ተቀመጥ” ይለኝ ነበር።

ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ተናጋሪ እኔ ነኝ፤ እንግዳ ነኝና። ገና አፌን ስከፍት መሐንዲሱ ሰዓቱን አየ።

“ብዙ ይቆያል?” አለኝ ቀስ ብሎ። “ፀሐይዋ ሳትጠነክር ብንደርስ። ስንመለስ እንደልባችሁ ትጫወታላችሁ።”

ክፉ ቃል አልተናገረም። እኔ ግን በጁ ደብተር የያዘ ሰው ነኝ፤ እንደ ባላገር ከእረኛ ጋር ተቀምጦ ሲያወጋ አስረፈደን እንዲባል አልፈለግሁም። ለሽማግሌው፣ “ከቆቦ ነው የመጣን፤ ሰላም ነው፤ ምንም አዲስ ነገር የለም” አልኳቸው፤ ተነሣሁም። የእሳቸውን ተራ አልጠበቅሁም።

ሽማግሌው ከተቀመጡበት አልተነሡም። ፊታቸው ላይ ቁጣም አላየሁም። “ሰጥተህ ሳትቀበል ሄድክ” አሉ ብቻ። የሚስቴ ወንድም ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። “ቅር አላቸው” አልኩት። “እንዴት አይላቸው፣ ሰውን መሬት ላይ አስቀምጠህ!” አለና ግመሏን እየሳበ ተከተለኝ።

ቦታው ስንደርስ ከሩቁ የማውቀው የድንጋይ ክምር ታየኝ። ስንጠጋው ግን ደረቅ ነበር። ከሥሩ ያለው ጉድጓድ ጭቃው ተሰነጣጥቋል፤ የፍየል በጠጥ እንኳ የቆየ ነው። እንፋሎቱ ራቅ ብሎ፣ ድሮ ባልነበረበት በኩል ሲጨስ ይታያል።

“ይኸ ለምን ደረቀ?” አለ የሚስቴ ወንድም።

“ሰዎቹ ለግጦሽ ሄደው ይሆናል። የሚጠብቀው ስለሌለ ነው” አልኩት።

“እንፋሎት ጠባቂ ይፈልጋል እንዴ?”

ይቺ ጥያቄው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። በጨዋታ ነው ያላት፤ ግን ትክክል እሱ ነበር። እኔ ግን በእጄ እያሳየሁ፣ “ቀጥ ብለህ ሂድ፣ መንገዱ እሱ ነው” አልኩት። መሐንዲሱ ከእኔ ጋር ሆኖ መለኪያውን ከሳጥን ያወጣ ነበር። የሚስቴ ወንድም የግመሏን ገመድ እጁ ላይ ጠቅልሎ ቀደመን።

መሬቱ እንደ ጣባ ተሰበረ። ድምፁ ትንሽ ነው፤ ከእጅ የወደቀ ሸክላ ያህል። ቀኝ እግሩ እስከ ጉልበቱ ገባ። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ጩኸት አልጽፈውም። ግመሏ ደንብራ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ገመዱ ክንዱ ላይ ተጠቅልሎ ስለነበር እየጎተተች አወጣችው። እሷ ባትኖር፣ እኛ ደርሰን እስክንይዘው፣ ያረቢ፣ ሁለተኛው እግሩም በገባ ነበር።

መሐንዲሱ የያዝነውን የመጠጥ ውኃ በሙሉ አፈሰሰበት። ሸሚዙን አውልቆ፣ ቀዶ፣ እያራሰ ሸፈነለት። እኔ ራሱን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ “አይዞህ” እላለሁ። ከጭነቱ ዕቃውን ሁሉ አውርደን እዚያው ጥለን በግመሏ ላይ አጋድመን አሰርነው።

ስንመለስ ሽማግሌው አፋር ፍየሎቻቸውን ትተው ወደ እኛ ሲመጡ አገኘናቸው፤ ጩኸቱን ሰምተዋል። በቆዳ ዕቃ የግመል ወተት ይዘዋል፤ የቆሰለውን አጠጡት። ከዚያ ከእኔ ጎን ጎን እየሄዱ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ጠዋት ያልሰማሁትን ነገሩኝ።

“ከክረምቱ ወዲህ እንፋሎቱ ቦታውን ለቋል” አሉ። “በአሮጌው መንገድ ሥር መሬቱ ባዶ ነው፤ ላዩ ቅርፊት ብቻ ቀርቷል። ሁለት ፍየልና አንድ የግመል ግልገል በላብኝ። የመጣሁበት ወሬ ይኸው ነበር፤ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ እነግራለሁ።”

ይኸን ብለው አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻል ነበር። በአዲሱ መንገድ እየመሩ፣ አስቸጋሪው ቦታ ላይ ከእኛ ጋር እየደገፉ መኪናው ድረስ አብረውን ሄዱ።

“ምን አሉህ?” አለኝ መሐንዲሱ።

“አላህ ይማረው አሉ።”

ውሸት አልነበረም፤ ያንንም ብለዋል። እውነትም ግን አልነበረም። ከሦስታችን አፋርኛ የምሰማ እኔ ብቻ ነኝና፣ ነገሩ በእኔና በሽማግሌው መካከል ቀረ።

ከቆቦ ጤና ጣቢያ ወደ ወልድያ ሆስፒታል ላኩት። ሐኪሙ እግሩ አይቆረጥም አለን፤ አልሐምዱሊላህ አልን። ጅማቱ ግን ተቃጥሏል፣ ተኮማትሮ ይቀራል፣ ከእንግዲህ ይነክሳል እንጂ አይሮጥም አለ። በእኛ አገር እንዲህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሐኪሙ የሚያውቅ አልመሰለኝም።

መሐንዲሱ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሱ በፊት ቤቴ ድረስ መጣ። “ያስቸኮልኩህ እኔ ነኝ” አለኝ። “በሪፖርቴም እንዲሁ ነው የምጽፈው።” እስከ ደጅ ሸኘሁት። እውነቱን ልናገር፤ ነገሩን በእሱ ላይ ጥዬ ልድን አሰኝቶኝ ነበር። ግን አልሆነልኝም። ሰዓቱን ያየው እሱ ነው፤ የተነሣሁት ግን እኔ ነኝ። ሰዓት የእሱ ልማድ ነው። ዳጉን የማውቀው ግን እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ያ ቦታም እኔ እስከማውቀው አልተቆፈረም፤ ድርቁ መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ ነገሩ ተረሳ። እኔ እንፋሎቱ መብራት ቢሆን አልጠላም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። መሐንዲሱ የነገረን ነገር ሁሉ እውነት ነበር።

ሚስቴ ማታ ማታ ታጽናናኛለች። “አላህ ያመጣው ነው፣ አንተ ምን ታደርግ” ትለኛለች። እሷ እንዲህ ባለች ቁጥር ተነሥቼ ወደ ደጅ እወጣለሁ። ጎረቤቱም “ወንድምህን ከእሳት ያወጣህ” እያለ ያመሰግነኛል። ግመሏ ናት ያወጣችው ብል እንደ ትሕትና ይቆጥሩልኛል። እንዲህ ሆኜ ሳምንታት አለፉ።

በየሳምንቱ ከአማቴ ጋር ስንቅ ይዘን በአውቶቡስ ወደ ወልድያ እንሄዳለን። አንድ ቀን ሮቢትን አልፈን ጎብዬ ላይ የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳ። ተሳፋሪው ወርዶ ተበተነ። እኔና አማቴ መንገድ ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ ስንቁን በጨርቅ ቋጥረው ጭናቸው ላይ ይዘውታል።

“እማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ” አልኩ። ከሽማግሌው መቀመጥ ጀምሬ፣ ለመሐንዲሱ አጉድዬ እስከ ተረጎምኩለት ድረስ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሳልጨርስ አላቋረጡኝም።

“ሽማግሌው ሲጠሩህ ሰምተህ ነበር?” አሉኝ።

“አልጠሩኝም። ተቀምጠው ነበር የጠበቁኝ።”

“አንተ ቆመህ ሄድክ።”

“አዎ።”

“ለሚስትህ ነግረሃታል?”

“የለም።”

“ለእሱስ?”

“የለም፣ እማ።”

ስንቁን ከጭናቸው አንሥተው መሬት ላይ አኖሩት። ሾፌሩና ረዳቱ ጎማውን ሲመቱ ይሰማል። “እንግዲያ ለእኔ የነገርከኝ እንድሸከምልህ ነው” አሉ። “አልሸከምልህም። እኔ የምሸከመው ልጄን ነው። ዛሬ ራስህ ትነግረዋለህ። እኔ ከጎንህ እቀመጣለሁ።”

ጎማው ተቀይሮ ወልድያ ደረስን።

እሱ በዚያን ቀን ደህና ነበር። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ከጎኑ ከተኛው በሽተኛ ጋር ይቀላለዳል። እናቱ እጁን አስታጠቡት፣ አበሉት፣ ዕቃውን ሰበሰቡ። ከዚያ አግዳሚ ወንበሩን ወደ አልጋው ሳቡና እኔን አስቀመጡኝ፤ እሳቸውም ከአጠገቤ ተቀመጡ። “ወንድምህ የሚነግርህ አለው” አሉት። ነገርኩት።

ሲሰማ ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

“ታዲያ እኔ ግመሏ ገፍታኝ መስሎኝ ነው ስረግማት የከረምኩት?” አለ።

“ግመሏ ናት ጎትታ ያወጣችህ።”

“እንግዲያ ሂድና አንተ ይቅርታ ጠይቅልኝ። ከሁላችንም ልብ ያላት እሷ ነበረች።” ከጎኑ የተኛው ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና፣ “እማ፣ ከእንግዲህ እሱን ይዘሽ እንዳትመጪ” አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት አማቴ ደጄ ላይ ቆመው ጠሩኝ። “ስንቁን ያዝልኝ” አሉ። “እኔን እንዳታመጪ ብሎ የለም ወይ፣ እማ?” ብላቸው፣ “አንተን ይዤ አልሄድኩም፤ ስንቅ የሚይዝልኝ ሰው ነው ይዤ የምሄድ” አሉኝ። እሱ አላናገረኝም፤ እሳቸውም ታረቁ አላሉንም። እንዲሁ እስኪወጣ ድረስ ሄድን። የአገር ሽማግሌዎች ነገሩን ሰምተው ካሳ እንፍረድ ብለው ሲመጡም፣ “ሁለቱም ልጆቼ ናቸው። ከራሴ ለራሴ ካሳ አልቀበልም” ብለው መለሷቸው። ለሚስቴ የነገርኳት እሳቸው ባሉበት ነው። ብዙ አለቀሰች፤ ብዙ ቀን በአጭር አጭሩ ትመልስልኝ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የመጀመሪያው ጎርፍ መጣ። አማቴ እየሮጡ መጥተው “ጎርፍ! ጎርፍ!” ብለው ጮኹ። የጮኹት ወደ እኔ ቤት ነው። መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ እሱ ማሳ ነበር። እሱ ምርኩዝ ተደግፎ ከዳር ቆሟል፤ ውኃው ከፊቱ ያልፋል፣ መግባት አይችልም። ያንን ሳይ ዓይኔ ደፈረሰ። አፈሩን እከምራለሁ፣ ጎርፉ ይንድብኛል። እንደገና እከምራለሁ፣ ይንድብኛል።

“ከላይ በኩል ዝጋው፣ አንተ ዕውር! አመለጠህ እኮ!” ሲል ሰማሁ።

ከወራት በኋላ የነገረኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ያለኝን አደረግሁ፤ ውኃው ወደ ማሳው ገባ። የእኔ ማሳ በዚያን ቀን አልደረሰውም። ያን ዓመት ማሽላችን ቀጥኖ ቀረ። በመኸር ጊዜ ግን አማቴ ከልጃቸው ጉድጓድ ማሽላ እያወጡ፣ ምንም ሳይሉ፣ ደጃችን ላይ አስቀምጠው ይሄዱ ነበር። እሱ አውቆ እንደሆነ አልጠየቅሁም። እስከ ድርቁ ድረስ ጎርፍ በመጣ ቁጥር እሱ ከዳር ሆኖ ያዝዛል፣ እኔ እገባለሁ፤ መሳደቡንም አልተወኝም። እንደ ድሮው ሆንን ብዬ አልዋሽም። አብረን ግን በላን፣ አብረን ልጆች አሳደግን፣ ሲሞትም የቀበርኩት እኔ ነኝ።

አማቴ ድርቁን አላለፉም። በመጨረሻቸው ሰሞን ያለችውን ጥሬ ለልጅ ልጆቻቸው እየሰጡ ራሳቸው ጾመው ያድሩ ነበር። ምስጋናዬን በሕይወት ሳሉ አልነገርኳቸውም። ወጉ አይፈቅድም እያልኩ፣ አንድም ቀን ፊታቸውን ቀና ብዬ ሳላይ ቀረሁ። ከዚያ ጥፋት በኋላ ሰው ሆኜ እንድቆም ያደረገኝ ማን ነው ብትሉኝ፣ ሐኪሙም አይደለም፣ ሽማግሌዎቹም አይደሉም። በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎኔ የተቀመጡት አማቴ ናቸው።